ጉልቻው ከመቀየሩ በፊት

ከደሴ ተነሥተው ወደ ሐርቡ ሲወርዱ ልብስ እየቀነሱ ነው የሚጓዙት። ደሴ መናኸሪያ ሚኒባስ ሲሳፈሩ ጃኬትዎ እስከ አንገትዎ ተዘግቷል። የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ዚፑን ከፈት ያደርጋሉ። ከዚያ በአዲስ አበባው መንገድ የቦርከናን ሸለቆ ይዘው ግማሽ ሰዓት ያህል ቁልቁል ሄደው ረዳቱ «የሐርቡ ወራጅ!» ሲል ጃኬቱ ክንድዎ ላይ ነው፤ ዓይንዎም ጥላ ይፈልጋል። መንገዱ አጭር ነው። ከፍታው ግን ወደ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ቀንሷል፤ ደጋውን ለቀው ማሽላና ማሾ ወደሚበቅልበት ሞቃት ምድር ገብተዋል።

ይህን ጉዞ ያነሣሁት ስለ ኩሽና ለማውራት ነው። ደሴ ላይ የሚመች ኩሽና ሐርቡ ላይ ላይመች ይችላል። በደሴ ብርድ እሳት ያለበት ክፍል ይወደዳል፤ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይሞቅበታል። ሐርቡ ላይ ግን እሳትና መኝታ ቤት ግድግዳ ከተጋሩ እንቅልፍ የለም። የእናቴ ማድቤት ከዋናው ቤት ስድስት እርምጃ ርቆ ጓሮ ውስጥ የተሠራው ለዚህ ነው። እኔ እዚያው ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሆኖም አዲስ አበባ ተቀምጬ ለእናቴ ያቀድኩት ኩሽና ሐርቡን ፈጽሞ የማያውቅ ነበር። እርስዎም ቤትዎን ወይም የወላጆችዎን ቤት ለማደስ ካሰቡ፣ የእኔ ስሕተት ወጪ ያተርፍልዎታልና ላጫውትዎ።

የእህቴ ገንዘብ፣ የእኔ ዕቅድ

እህቴ ጅዳ ከሄደች ሰባት ዓመት ሆናት። ሰባቱንም ዓመት የቆመችው በሰው ኩሽና ውስጥ ነው። ከደመወዟ እየቀነሰች ያጠራቀመችውን ስትልክ ያለችው ይህችን ብቻ ነበር፤ «የእማዬን ማድቤት አድሱልኝ። ዓይኗ ከጭስ ይገላገል።» የእናታችን ዓይን ጠዋት ምጣድ ከጣደች እስከ ቀትር ድረስ ቀልቶ ይውላል፤ ማታ ማታ ትስላለች። ገንዘቡ በእኔ እጅ ገባ። ከቤቱ ልጆች የተማርኩት እኔ ነኛ! የቢዝነስ ዲግሪ አለኝ፤ እንጀራዬም ማርኬቲንግ ነው።

ያደረግሁትን ልንገርዎ። ስልኬ ላይ ያማሩ ኩሽናዎችን ፎቶ ሰበሰብኩ፤ ነጭ ካቢኔት፣ ጥቁር ግራናይት፣ አንገቱ ረጅም የሆነ የሚያብረቀርቅ ቧንቧ። አንዱን መርጬ ለግንበኛው በቴሌግራም ላክሁ። ስድስቷን እርምጃ በግድግዳ ዘግቼ ማድቤቱን ከሳሎኑ ጋር ላገናኘው አሰብኩ፤ ፎቶው ላይ እንደዚያ ነዋ። ወጪውን በኤክሴል ሠራሁ። ደሴ ለሚሠራ አናጺ ልኬቱን ልኬ ካቢኔቱን አዘዝኩ። ቧንቧውንም ከአዲስ አበባ ገዝቼ ሻንጣዬ ውስጥ አስቀመጥኩ።

በመሥሪያ ቤቴ አንድ ምርት ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት ደንበኛ እንጠይቃለን። ማሸጊያው እጅ ላይ ይመቻል ወይ? ክዳኑ በቀላሉ ይከፈታል ወይ? ብለን እንዞራለን። የእናቴ ኩሽና አንዲት ደንበኛ ብቻ ነበረችው፤ እሷንም ጠይቄያለሁ ብዬ አምኜ ነበር። ስልክ ደውዬ «እማዬ፣ ነጭ ይሁን ወይስ ቡናማ?» አልኳት። «አንተ እንደወደድከው ይሁን ልጄ፣ አብሽር» አለችኝ። ይህን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። የቀለም ጥያቄ ግን ስለ ኩሽና የሚጠየቀው የመጨረሻው ጥያቄ ነው።

መደቡ ላይ የተጠጣው ቡና

ሥራው በሚጀመርበት ቀን ሐርቡ ደረስኩ። ግንበኛው ዶማውን ይዞ በር ላይ ቆሟል። የመጀመሪያ ሥራው በግድግዳው ሥር የተዘረጋውን የጭቃ መደብ ማፍረስ ነበር፤ እቅዴ ላይ እዚያ ቦታ የሚቆመው ማቀዝቀዣ ነው። እናቴ መደቡ ላይ ጀንዲ አንጥፋ ቡና ትቆላለች።

«እማማ፣ አንቱ ካልተነሡ መደቡን ላፈርሰው አልችልም» አላት ግንበኛው በትሕትና።

«ቡናው ይጠጣና ትደርሳለህ። ምን ያጣድፍሃል?» አለችው።

የተቆላው ቡና ሽታ ጎረቤት ጠራ። አምስት ሴቶች መጡና መደቡ ላይ ተደረደሩ፤ ግንበኛውም ዶማውን አስደግፎ ተቀመጠ። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ወረደ፤ ዱዓው ተደረገ። አንዲት ጎረቤታችን የእኔን ወረቀት አየት አድርገው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ እስቲ እንግዲህ እናያለን» ብለው ሳቁ። ተሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወረቀቱን መልሼ አየሁት። እነዚህ አምስት ሴቶች የሚቀመጡበት ቦታ እቅዱ ላይ የለም። እንኳን አምስት፣ ለሁለተኛ ሰው የሚሆን ቦታም አልነበረም።

ያ የፎቶ ኩሽና ከየት እንደመጣ ቢያውቁ አይገረሙም። ዛሬ በየመጽሔቱና በየስልኩ የምናየው አብሮ የተገጠመ ኩሽና ዋና እናቱ «የፍራንክፈርት ኩሽና» ትባላለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1926 ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለች የኦስትሪያ አርክቴክት ለጀርመኗ ፍራንክፈርት ከተማ የሠራተኛ መኖሪያ ቤቶች የነደፈችው ነው። ስፋቱ 1.9 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ብቻ ነበር፤ ለሐሳቡ መነሻ ከሆኗት አንዱ የባቡር ምግብ ቤት ጠባብ ኩሽና ነው። ወደ 10,000 የሚሆኑ ቤቶች ውስጥ ተገጠመ። ለዘመኑ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ የሴቷን እርምጃ ቀነሰ፣ ንጽሕናን አመጣ። ኋላ ግን ነቀፌታ መጣበት፤ አንዲት ሴት ብቻዋን ግድግዳ ውስጥ ተዘግታ እንድትሠራ አድርጓል ተባለ። ንድፏን ከመሥራቷ በፊት ቤት አስተዳድራ፣ ምግብም አብስላ እንደማታውቅ ራሷ ተናግራለች። ይህን ሳነብ የራሴን የኤክሴል ሰንጠረዥ አስታወስኩ።

የእኛ አገር ኩሽና ለአንድ ሰው አልተሠራም። አንዷ ትከትፋለች፣ አንዷ ሊጥ ታቀጥናለች፣ ልጅ ውሃ ያቀብላል፣ ጎረቤት ቡና ይጠራል። ድግስ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ነገር በአሥር ይባዛል። በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ግቢዎች ከመኖሪያ ሕንፃዎቹ ተነጥሎ የሚሠራው «ኮሚናል» የተፈለገው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በሬ የሚታረድበት፣ ብዙ እንጀራ የሚጋገርበትና ትልቅ ድስት የሚጣድበት ቦታ በጠባቡ ኩሽና ውስጥ አይገኝም።

ግንበኛውን «የዛሬን አበልህን እከፍልሃለሁ፤ ነገ ተመለስ» አልኩት። ከዚህ ሁሉ ወጪ ውስጥ እንደዚያች ቀን አበል ያተረፈልኝ የለም።

አንድ ቀን ቁጭ ብለው ይዩ

በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ እናቴ እሳት ስታያይዝ ደብተር ይዤ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። አታውራኝ፣ ሥራሽን ሥሪ አልኳት። እስከ ቀትር ድረስ ውሃ ወደተቀመጠበት ጀሪካን ሠላሳ አንድ ጊዜ ተመላልሳለች። ጀሪካኖቹ በር አጠገብ፣ ምድጃው ጥግ ላይ ነው፤ በመካከላቸው ደግሞ የእህል ጆንያ አለ። ሠላሳ አንድ ጊዜ ጆንያ ዞራለች ማለት ነው። እኔ ወደ ማቀዝቀዣ ቦታ እየፈለግሁ ነበር፤ የእሷ ችግር ግን ጆንያው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው። ሜትር ከማንሣትዎ በፊት የሚሠራበትን ሰው አንድ ሙሉ ቀን ይመልከቱ፤ ከተቻለ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ይሁን። የሚሠሩበት እርስዎ ከሆኑ ደግሞ ሌላ ሰው ይመልከትዎ። የትኛው ዕቃ ስንት ጊዜ ይነሣል? እጅ የሚዘረጋው፣ ወገብ የሚጎብጠው የት ላይ ነው? ሁለት ሰው የሚጋጨው የት ነው?

በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ ሲያጠኑ ሦስት ነጥቦች ላይ ደርሰዋል፤ ውሃ፣ እሳትና የምግብ ማስቀመጫ። ሦስቱን በመስመር ቢያገናኟቸው ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። ከእሱ የወጣው የባለሙያዎች ልማድ እያንዳንዱ መስመር ከ1.2 ሜትር እንዳያንስ፣ ከ2.7 ሜትር እንዳይበልጥ፣ ሦስቱ ሲደመሩም ከ8 ሜትር በታች እንዲሆኑ ይመክራል። ሲያንስ መጨናነቅ ነው፤ ሲበዛ ጉዞ ነው። እኛ ትዳር ሲመሠረት «ሦስት ጉልቻ» እንደምንለው፣ የኩሽናም ሦስት ጉልቻ አለው ብለው ይያዙት። እናቴ ማድቤት ውስጥ የእህል ጆንያው ከመንገድ ተነሣ፤ የውሃ ማስቀመጫው ወደ ምድጃው ተጠጋ። ይህ ብቻውን ምንም ብር አላስወጣም።

ክርን ያስለኩ፣ ምጣድ ያስለኩ

ለገበያ የሚሠራ የኩሽና ጠረጴዛ ከፍታው ብዙውን ጊዜ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እናቴ አጭር ናት። ቆማ ክንዷን አጥፋ ከወለል እስከ ክርኗ ስለካው 94 ሆነ። ለመክተፍና ለማቡካት የሚመቸው ከፍታ ከክርን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያለው ነው። 90 ላይ ቢቀር ኖሮ ሽንኩርት በከተፈች ቁጥር ትከሻዋን ሰቅላ ትሠራ ነበር። የካቢኔቱን እግር አስቆረጥንና 82 ላይ አሳረፍነው። የምጣዱን ቦታ ደግሞ ከዚያም ዝቅ አድርገን 70 ላይ ሠራነው፤ ሊጥ የሚፈስሰው ከላይ ነውና እጅ ከምጣዱ በላይ መዋል አለበት።

ስፋቱም የራሱ ወጥመድ አለው። የተለመደው የኩሽና ጠረጴዛ ወርድ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። የእኛ ምጣድ ብቻውን ወደ 60 ይጠጋል፤ አክንባሎው ሲደመር፣ እጀታውና ገመዱ ሲጨመር ጠረጴዛውን አልፎ ይንጠለጠላል። የሚያምር ግራናይት አሠርተው ምጣዱን መሬት ላይ የሚጥዱ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። ለምጣድ ብቻ ከ75 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው፣ ከብሎኬትና ከሴራሚክ የተሠራ ቦታ ለይተው ያስገንቡ። የሊጥ ባልዲው የሚቀመጥበትን፣ እንጀራው ወጥቶ የሚበርድበትንና ሰፌዱ የሚሰቀልበትን ቦታ ከምጣዱ ግራና ቀኝ ያስቡ። የድግሱን ትልቅ ድስትም አይርሱት፤ ለሳህን የተሠራ መሳቢያ አይቀበለውም።

ጭሱ በየት ይውጣ?

የዚህ ሁሉ ሥራ መነሻ የእናቴ ዓይን ነበር። የመጀመሪያው እቅዴ ለጭስ የነበረው መልስ «የኤሌክትሪክ ምጣድ ትጠቀማለች» የሚል ነው። መብራት ሲጠፋስ? የማሽላው እንጀራ በእንጨት እሳት ካልተጋገረ አይጥመኝም ብትልስ? እናቴ ሁለቱንም ብላኛለች። የእንጨት ምድጃውን ከእቅድዎ ካስወጡት ከቤት ይወጣል ማለት አይደለም፤ ጭስ ማውጫ በሌለበት ጥግ ተመልሶ ይመጣል።

ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 (እ.ኤ.አ.) ብቻ በቤት ውስጥ ጭስና በመሰል የአየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ብዙውን ሸክም የሚሸከሙት ምድጃ አጠገብ የሚውሉት እናቶችና ሕፃናት ናቸው።

እኛ ያደረግነው ይህን ነው። ከሦስት ድንጋይ ወደ «ምርጥ» ምድጃ ተዛወርን። ከሲሚንቶና እንደ ፑሚስ ካለ ቀላል ድንጋይ የሚሠራው ይህ የእንጀራ ምድጃ ከክፍት እሳት ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ ወደ ግማሽ ያወርዳል። ለከሰል ደግሞ «ላቀች» የተባለችው ምድጃ አለች። ማገዶ ሲቀንስ ጭስ ይቀንሳል፤ ግን አይጠፋም፤ ስለዚህ የጭስ ማውጫ አሠራን። ጫፉ በዙሪያው ካለው ጣሪያ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ አለበለዚያ ነፋስ ጭሱን መልሶ ያስገባዋል። ሁለት መስኮቶችን ፊት ለፊት አደረግናቸው። በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል አንድ ስንዝር ክፍተት ትተን በወንፊት ሽቦ ሸፈንነው፤ ሞቃት አየር የሚወጣው ከላይ ነው።

ስድስቷ እርምጃስ? አልዘጋናትም። ከላይ ቆርቆሮ አለበስናት፤ ግድግዳ ግን አላቆምንባትም። የቀትር ነፋስ በእሷ በኩል ያልፋል። ኩሽናዎ ደሴ ወይም ደብረ ብርሃን ከሆነ ይህችን ቦታ ዘግተው ሙቀቱን ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ኮምቦልቻ፣ ሐርቡ ወይም ከሚሴ ከሆነ ግን ከመዝጋትዎ በፊት አንድ ቀትር እዚያ ቆመው ይሞክሩት።

ከግድግዳ ውስጥ የማይታየው

አንድ የቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ይደርሳል፤ ሊያልፍም ይችላል፤ ተራ ሶኬት ይህን ለረጅም ሰዓት አይችልም። ሶኬት ቀልጦ፣ ግድግዳ ጠቁሮ ያላየ ማን አለ? ለምጣዱ ከማከፋፈያው ቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር ያስዘርጉ፤ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያስፈልገዋል። ምጣዱ ከውሃ ቧንቧ ይራቅ። ልኬቱን በባለሙያ ያሳዩ፤ የቤትዎ ቆጣሪ ምጣድና ማቀዝቀዣ አብሮ መቻሉንም ይጠይቁ።

ውሃ ላይ ደግሞ እኔ ተዋረድኩ። ያ አንገተ ረጅም ቧንቧ ተገጠመ፤ ሲከፈት ጠብ ጠብ አለ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚጠጣው ከሮቶ ነው። የሮቶ ግፊት የሚመጣው ከከፍታው ብቻ ሲሆን አንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 0.1 ባር ነው። የእኛ ሮቶ ከቧንቧው ሁለት ሜትር ተኩል ብቻ ከፍ ይላል፤ ሩብ ባር ማለት ነው። የኔ ውድ ቧንቧ የተሠራው ለከተማ ግፊት ነበር። አውልቀን ተራውን ወፍራም ቧንቧ ገጠምን፤ አሁን ድስት ይሞላል። ቧንቧ ከመግዛትዎ በፊት ሮቶዎ የት እንደሚሰቀል ይወስኑ።

ፍሳሹም ቁልቁለት ይፈልጋል፤ በአንድ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። የወጥ ቅባት የሚቀርበት ትንሽ ጉድጓድ ከሲንኩ ውጭ ያሠሩ፤ ክዳኑም በቀላሉ የሚነሣ ይሁን። ይህን ያላሠራ ሰው በሁለተኛው ዓመት ወለሉን ያስፈርሳል።

ልስኑ ሳያልቅ ካቢኔት አይዘዙ

ካቢኔቱ ከደሴ በአይሱዙ ተጭኖ፣ ሐረጎን ወርዶ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ መጣ። የሰፈር ልጆች ተሰበሰቡ። ልንገጥመው ብንል ሰባት ሴንቲ ሜትር በለጠ። አናጺው አልተሳሳተም፤ የላክሁለት 3 ሜትር ከ20 ነው፣ የሠራውም 3 ሜትር ከ20 ነው። እኔ የለካሁት ግን ልስን ያልነካውን ብሎኬት ነበር። ልስንና ሴራሚክ ከነማጣበቂያው በየግድግዳው ከሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ ይበላል፤ ግድግዳው ደግሞ ሁለት ነው። በሰባት ሴንቲ ሜትር ምክንያት አንድ ሳጥን ተፈታ፤ እንደገና ተቆረጠ፤ እንደገና ተከፈለ። ማታ ለእህቴ ሳስረዳት ዝም አለች። ከዚያ «የስንት ቀን ሥራዬ ነው?» አለችኝ። አስልቼ ነገርኳት። ያን ቁጥር አልረሳውም።

የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ ማፍረስ፤ ቀጥሎ የፍሳሽና የውሃ መስመር፤ ከዚያ የኤሌክትሪክ ገመድ፤ ከዚያ ልስን፤ ከዚያ ሴራሚክ። ካቢኔት የሚለካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኤምዲኤፍ ከመረጡ ሲንክ ሥር አያድርጉት፤ ውሃ ከነካው ያብጣል። እኛ ሲንኩን ብሎኬት ላይ አሳርፈን በሴራሚክ አለበስነው። ሴራሚኩንም በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ካርቶን ቁጥር፣ ከሚያስፈልገው አሥር በመቶ ጨምረው ይግዙ። በኋላ ሲጎድል የሚመጣው ቀለሙ አንድ አይሆንም።

በጀቱና ጊዜው

ከሙያዬ የጠቀመኝ ይህ ብቻ ነው። ገንዘብዎን ሁለት ቦታ ይክፈሉት፤ ሲያልቅ የማይታየውና ሲያልቅ የሚታየው። ሽቦ፣ ቧንቧ፣ ፍሳሽ፣ ጭስ ማውጫና ጣሪያ አይታዩም፤ መጀመሪያ የሚከፈለው ግን ለእነሱ ነው። የሚታየውን በኋላም መቀየር ይቻላል፤ የማይታየውን ለመቀየር የሚታየውን ማፍረስ ግድ ይላል። ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ መጠባበቂያ ይያዙ፤ ለማንም አይንገሩ፣ ለራስዎም ቢሆን የለም ይበሉ። ከባለሙያ ጋር የሚዋዋሉት በጽሑፍ ይሁን፤ ክፍያውም ሥራው በደረሰበት ልክ ይከፈል።

ጊዜውንም ያስቡ። በክረምት ጣሪያ አይከፈትም። ከበዓልና ከጾም ዋዜማም ይራቁ። የእኛ ሦስት ሳምንት የተባለው ሥራ ስድስት ሳምንት ፈጅቶ ረመዳን ደረሰብን፤ እናቴ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማፍጠሪያ ሾርባና ሳምቡሳ የሠራችው ጎረቤት ማድቤት ውስጥ ነው። ማፍረስ ከመጀመርዎ በፊት ጊዜያዊ ማብሰያ ቦታ ያዘጋጁ፤ ምድጃ፣ ውሃና ጥላ ያለው።

መደቡ የት ደረሰ?

መደቡ አልፈረሰም። ግንበኛው ራሱ በሲሚንቶ አጠናክሮ፣ በአንድ በኩል ክንድ የሚያህል አስረዝሞ፣ ከሥሩ ለማገዶ የሚሆን ባዶ ቦታ ትቶ ሠራው። ማቀዝቀዣው ሳሎን ገባ። ኩሽናው ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ አይመስልም፤ ካቢኔቱ አንድ በኩል አጠር ብሏል፣ ቧንቧው ተራ ነው። እናቴ ግን ጠዋት እንጀራ ጋግራ ስትወጣ ዓይኗ አልቀላም። ጎረቤታችን ወጡን ቀምሰው «ያው ነው» ብለዋል፤ ጉልቻው አላጣፈጠውም።

በመጀመሪያው ጁምዓ ቡና ተፈልቶ ለእህቴ በቪዲዮ ደወልን። ስልኩን ይዤ አዞርኩላት፤ ምድጃውን፣ መስኮቱን፣ ጭስ ማውጫውን፣ የእናቷን ክርን ያህል ዝቅ ያለውን ጠረጴዛ። ዝም ብላ ስታይ ቆየችና እንደ ባለሙያ ጠየቀች።

«ቆንጆ ነው። እኔ ስመጣ ታዲያ የት ጋ ነው ቆሜ የምሠራው?»

እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ወደ መደቡ አዞረችው።

«አንቺማ እዚህ ትቀመጫለሽ» አለቻት። «እኔ አፈላልሻለሁ።»